የሂሳብ መዝገቡን ለማሽን ስናስረክብ ምን ጽፈን እንሰጠዋለን?

ድሬዳዋ፣ ከዚራ፦ የምድር ባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲደርስ ጣቢያውን ተንተርሶ የተቆረቆረው ከዚራ በዛፎቹ ጥላና በቀጥታ መንገዶቹ የታወቀ ሠፈር ነው። የባቡሩ ኩባንያ ጽሕፈት በፈረንሳይኛ ይካሄድ ስለነበር፣ በዚህ ሠፈር የሂሳብ ሠራተኛ መሆን ቁጥር ማወቅን ብቻ ሳይሆን የባዕዱን የአጻጻፍ ልማድ ማወቅንም ይጠይቅ ነበር። ፈረንሳዮች ነጠላ ሰረዙን በብሩና በሳንቲሙ መካከል ያደርጉታል፤ እኛ ደግሞ ሺውን ከመቶው እንለይበታለን። ይህ ያልተነገረው ጸሐፊ 1,500 የሚለውን አንድ ብር ከሃምሳ ሳንቲም ብሎ ቢያነበው አይፈረድበትም።

ዛሬ ደግሞ መዝገቡን የሚያነበው ሌላ እንግዳ መጥቷል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያላቸውና «ኤጀንት» የሚባሉት ፕሮግራሞች የሂሳብ ሶፍትዌርን በራሳቸው ከፍተው ደረሰኝ ይመዘግባሉ፤ ሚዛን ያወጣሉ፤ ወር ይዘጋሉ። ሶፍትዌሩ የሚሠራቸው ተግባራት እያንዳንዳቸው እንደ አንድ መሣሪያ ተቆጥረው ስምና አጭር መግለጫ ይሰጣቸዋል። ኤጀንቱም መግለጫውን አንብቦ የትኛውን መሣሪያ እንደሚያነሣ ይወስናል። አንትሮፒክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በኅዳር 2017 ዓ.ም. ይፋ ያደረገው «ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል» የተባለ የግንኙነት ደንብ የሚሠራውም በዚሁ መንገድ ነው። እንግዲህ ሥራው ሁሉ የተንጠለጠለው በመግለጫው ላይ ነው ማለት ይቻላል። አዲስ የተቀጠረ ሰው ግራ ሲገባው ጎረቤቱን ጠረጴዛ ይጠይቃል፤ ኤጀንቱ ግን ጠይቅ ካልተባለ በቀር የመሰለውን ሠርቶ ያልፋል።

ይህ ጉዳይ የከተማ ቢሮዎች ጉዳይ ብቻ አይደለም። በድሬዳዋ ዙሪያ ካሉት የገጠር ቀበሌዎች አትክልቱንና ፍየሉን ይዞ ወደ ቀፊራ ገበያ ለሚወርደው አርሶ አደር፣ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ መዝገብ ዕዳውና የትርፍ ድርሻው የተጻፈበት ነው።

እንበል አንድ ማኅበር ለአባሉ ማዳበሪያ በዱቤ ሰጠ። የመሣሪያው መግለጫ «የአባሉን ክሬዲት መዝግብ» ቢል፣ ዱቤና ክሬዲት በተራው ንግግር አንድ ስለሆኑ፣ ኤጀንቱ ገንዘቡን በአባሉ ሂሳብ የክሬዲት ዓምድ ላይ ሊያስገባው ይችላል። በሂሳብ ሕግ ግን የዱቤ ሽያጭ በተሰብሳቢው ሂሳብ ዴቢት ነው። በዚህ ስሕተት ባለዕዳው አበዳሪ ሆኖ ይገኛል። ከፋዩ ላይ ተመልሶ የሚወድቀውም ዓመቱ አልቆ ኦዲተር ሲመጣ ነው። በመሆኑም መግለጫው «አባሉ የሚከፍለው ዕዳ ሲጨምር፤ ተሰብሳቢ ዴቢት፣ ሽያጭ ክሬዲት» ብሎ በግልጽ መጻፍ አለበት።

«ሂሳብ ዝጋ» የሚለውም ስም እንዲሁ ያሳስታል። በእኛ ቋንቋ ሂሳብ መዝጋት ዕዳን ከፍሎ መጨረስም፣ የባንክ ደብተርን መመለስም፣ የበጀት ዓመቱን መዝገብ መቆለፍም ነው። ሦስተኛው በቀላሉ የማይመለስ ስለሆነ የሰው ፈቃድ ሳይገኝ እንዳይነካ በመግለጫው ውስጥ ሊጻፍ ይገባል። «ሞዴል 19» እና «ሞዴል 22» ደግሞ ለንብረት ክፍል ሠራተኛ የገባና የወጣ ዕቃ ማለት ሲሆኑ ለማሽኑ ቁጥሮች ብቻ ናቸው።

ከሁሉም የሚከፋው ቀኑ ነው። ብዙ የአገራችን የሂሳብ ሠራተኞች የሠለጠኑበት ፒችትሪ፣ በአሁኑ ስሙ ሴጅ 50፣ የሚያውቀው የፈረንጁን አቆጣጠር ነው። የበጀት ዓመታችን ግን ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። በደረሰኝ ላይ 1/11/2017 ተብሎ የተጻፈው ሐምሌ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ጁላይ 8 ቀን 2025 ነው። መግለጫው የቀኑን አቆጣጠር ካልተናገረ ኤጀንቱ ሽያጩን ስምንት ዓመት ገደማ ወደኋላ ወስዶ ይጽፈዋል። ጳጉሜን ይሻላል፤ ቀኑን ከወሩ አስቀድሞ የሚያነብ ሶፍትዌር ከሆነ 13ኛ ወር የለም ብሎ ስለሚመልሰው ስሕተቱ ወዲያው ይታያል።

ሌላም አለ። መረብ በሚቆራረጥበት ቦታ ኤጀንቱ ደረሰኙን ልኮ መልስ ሳያገኝ ሲቀር ደግሞ ይልካል። አንዱ ሽያጭ ሁለት ጊዜ ይመዘገባል፤ 15 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስም እንዲሁ። መድኃኒቱ መሣሪያው የደረሰኙን ቁጥር እንዲጠይቅና ያው ቁጥር ዳግመኛ ሲመጣ አዲስ እንዳይመዘግብ ማድረግ፣ ይህንንም በመግለጫው መጻፍ ነው።

ከላይ የተጠቀሰው ደንብ አንድ መሣሪያ የሚያነብ ብቻ ይሁን የሚለውጥ ወይም የሚሰርዝ ምልክት እንዲደረግበት ይፈቅዳል። ሆኖም ምልክቱ ጥቆማ እንጂ ዋስትና እንዳልሆነ ራሱ ደንቡ ያስጠነቅቃል። የመሰረዝ ሥልጣን ለኤጀንቱ ጭራሹን ባይሰጥ እንመርጣለን፤ የተሳሳተ ቫውቸር በተቃራኒ ምዝገባ ይታረማል እንጂ አይፋቅምና።

መግለጫውን መጻፍ ያለበትስ ማን ነው? ፕሮግራም ሠሪው ብቻውን ከጻፈው የሚያውቀውን ኮምፒዩተር ያህል ዱቤን አያውቅም። ደረሰኝ ሲቆርጥ የኖረው የማኅበሩ የሂሳብ ሠራተኛ አጠገቡ ተቀምጦ እያንዳንዱን ቃል ቢያርም፣ ሁለቱ የሚያጠፉት ጊዜ ከአንድ ኦዲት ጣጣ ያነሰ ነው።