አክሲዮኑ ወጣ፣ እኔ ግን ከሰርኩ

ሰሞኑን በውስጥ መስመር ደጋግሞ የደረሰኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «አክሲዮኑ ይወጣል ብዬ ኮል ገዛሁ። እንዳልኩትም ወጣ። ታዲያ ገንዘቤ ለምን ቀነሰ?»

እኔም ደርሶብኛል። ነገሩ የገባኝ ደግሞ ከከሰርኩ በኋላ የኦፕሽን ዋጋ ማስያ ፕሮግራም በገዛ እጄ ስሠራ ነው። ዛሬ ያንን ስሌት ከነቁጥሩ ላሳያችሁ።

ለጀማሪዎች ከመሠረቱ ልነሳ። ኮል ኦፕሽን ማለት አንድን አክሲዮን እስከተወሰነ ቀን ድረስ በቁርጥ ዋጋ የመግዛት መብት ነው። ለቤት ሻጭ ቀብድ ሰጥቶ ዋጋ እንደማስቆረጥ አድርጋችሁ እዩት። ልዩነቱ ቀብድ ከቤቱ ዋጋ ላይ ይታሰባል፤ ለኦፕሽን የምትከፍሉት ፕሪሚየም ግን አይታሰብም። አንድ ኮንትራት በአሜሪካ ገበያ በመደበኛው 100 አክሲዮን ስለሚይዝ፣ ስልካችሁ ላይ 7 ዶላር የሚል ዋጋ ስታዩ ከኪሳችሁ የሚወጣው 700 ነው።

እኔ የገዛሁት ኩባንያው የሩብ ዓመት ሪፖርቱን ሊያወጣ አንድ ቀን ሲቀረው ነበር። ለስሌት እንዲመች ቁጥሮቹን አጠጋግቻለሁ፦ አክሲዮኑ 100 ዶላር፣ ቁርጥ ዋጋው 100 ዶላር፣ የቀረው ጊዜ 30 ቀን፣ ዓመታዊ ወለዱ 4 በመቶ፣ ዲቪደንድ (የትርፍ ክፍያ) የለም።

እነዚህ አምስቱ ከገበያ የሚነበቡ ናቸው። ማስያው የሚጠይቀው ስድስተኛው ነገር ግን የትም ተጽፎ አይገኝም፦ አክሲዮኑ ከዛሬ ጀምሮ ምን ያህል ይዋዥቃል? ይህ ቮላቲሊቲ የሚባለው ነው። የነገውን መዋዠቅ ማንም ስለማያውቅ ነጋዴዎች ማስያውን ወደኋላ ያስኬዱታል። ኦፕሽኑ አሁን የሚሸጥበትን ዋጋ ያስገቡና «ይህ ዋጋ ልክ እንዲሆን መዋዠቁ ስንት መሆን አለበት?» ብለው ይጠይቃሉ። የሚወጣው መልስ ኢምፕላይድ ቮላቲሊቲ ይባላል፤ ገበያው የሚጠብቀው መዋዠቅ ማለት ነው።

በሪፖርቱ ዋዜማ ሁሉም ትልቅ ዜና ስለሚጠብቅ ቁጥሩ 60 በመቶ ነበር። ማስያው ዋጋውን 7.01 ዶላር ይለዋል። በማግስቱ ሪፖርቱ ወጣ፤ አክሲዮኑም ወደ 103 ዶላር ከፍ አለ። እኔ ደስ ብሎኛል። ነገር ግን የሚጠበቀው ዜና ስላለቀ መዋዠቁ ወደ 30 በመቶ ወርዷል። 103 ዶላር፣ 29 ቀን፣ 30 በመቶ ስታስገቡ የሚወጣው 5.33 ነው። አቅጣጫውን በትክክል ገምቼ በአንድ ኮንትራት 168 ዶላር ከሰርኩ።

ጥሩ ማስያ ዋጋውን ብቻ ነግሮ አይተዋችሁም። ዋጋው ለምን እንደሚንቀሳቀስም «ግሪኮች» በሚባሉ መለኪያዎች ከፋፍሎ ያሳያል። በዋዜማው ቁጥሮች ማስያዬ ላይ የሚወጡት እነዚህ ናቸው፦

▪️ ዴልታ 0.54፦ አክሲዮኑ 1 ዶላር ሲጨምር ኦፕሽኑ 54 ሳንቲም ገደማ ይጨምራል። የ3 ዶላሩ ጭማሪ 1.62 ሰጠኝ።

▪️ ጋማ 0.023፦ ዴልታ ራሱ የሚቀየርበት ፍጥነት ነው። በእኔ ኮል 0.10 ጨመረልኝ።

▪️ ቴታ 0.12 ሲቀነስ፦ አንድ ቀን በማለፉ ብቻ የሚወሰድ ነው። 12 ሳንቲም ሄደ።

▪️ ቬጋ 0.114፦ መዋዠቁ በ1 ነጥብ ሲወርድ ኦፕሽኑ ወደ 11 ሳንቲም ያጣል። በ30 ነጥብ ሲባዛ 3.42 ነው። ያሳረረኝ ይህ ነው።

▪️ ሮ፦ የወለድ ለውጥን ይለካል። በአንድ ወር ኦፕሽን ላይ ክብደቱ ትንሽ ስለሆነ እናልፈዋለን።

ደምሩት፦ 1.62 ሲደመር 0.10፣ ሲቀነስ 0.12፣ ሲቀነስ 3.42። ውጤቱ 1.82 ኪሳራ ነው። ትክክለኛው ኪሳራ 1.68 ነበር። ትንሽ የተለያዩት እነዚህ መለኪያዎች ገበያው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ራሳቸውም ስለሚቀየሩ ነው። ለትንሽ እንቅስቃሴ በጣም ይጠጋሉ፤ ለትልቅ ዝላይ ግን ዋጋውን እንደገና ማስላት ይሻላል።

ከመግዛቴ በፊት ይህንኑ ፕሮግራም ሠርቼ መዋዠቁን 30 ላይ አድርጌ ብሞክር ኖሮ፣ በማግስቱ ያወጣሁትን ብቻ ለመመለስ አክሲዮኑ 105 ዶላር ከ35 ሳንቲም ገደማ መድረስ እንዳለበት አይ ነበር። «ይወጣል ወይ?» የሚለው ጥያቄ «በአንድ ሌሊት ከ5 በመቶ በላይ ይወጣል ወይ?» ወደሚል ይቀየር ነበር። ለዚህኛው መልሴ «አላውቅም» ስለሚሆን አልገዛም ነበር።

ከማስያው ጀርባ ያለውን ቀመር ፊሸር ብላክና ማይረን ሾልስ ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1973 ነው፤ ሮበርት መርተንም በዚያው ዓመት አስፋፋው። በሚያዝያ 26 ቀን 1973 የቺካጎው የኦፕሽን ገበያ በ16 አክሲዮኖች ኮል ሥራ ጀመረ። ብላክ በኮምፒውተር ያሰላቸውን ዋጋዎች በወረቀት አትሞ ለነጋዴዎች ይሸጥ ነበር። ሾልስና መርተን በ1997 የኖቤል ሽልማት ሲቀበሉ ብላክ በሕይወት አልነበረም፤ ያረፈው በ1995 ነው። ያኔ በወረቀት ይሸጥ የነበረው ስሌት ዛሬ በኤክሴል አንድ መስመር ላይ ወይም በጥቂት የፓይተን መስመሮች በነፃ ይሠራል።

ቀመሩ ግን የራሱ ገደብ አለው። መዋዠቁ አይቀየርም፣ ዋጋም ድንገት አይዘልም ብሎ ይነሳል። በጥቅምት 19 ቀን 1987 የዳው ጆንስ አማካይ በአንድ ቀን 22.6 በመቶ ሲወድቅ ገበያው ይህን በሚያሳምም መንገድ ተማረ። ከዚያ ወዲህ ከውድቀት የሚከላከሉ ዝቅተኛ ቁርጥ ዋጋ ያላቸው ፑቶች (በቁርጥ ዋጋ የመሸጥ መብቶች) ከፍ ባለ ኢምፕላይድ ቮላቲሊቲ ይሸጣሉ። ሌላው ገደብ፣ ቀመሩ መብቱን በመጨረሻው ቀን ብቻ እንደምትጠቀሙበት ያስባል፤ የአሜሪካ አክሲዮን ኦፕሽኖች ግን ከዚያ በፊትም ይፈቅዳሉ። ዲቪደንድ በማይከፍል አክሲዮን ላይ ላለ ኮል ይህ ልዩነት አያመጣም። ለፑትና ዲቪደንድ ለሚከፍል አክሲዮን ግን ኮክስ፣ ሮስና ሩቢንስቲን በ1979 ያቀረቡትን፣ ጊዜውን በትንንሽ እርምጃ እየከፈለ የሚያሰላውን የባይኖሚያል ዘዴ ምረጡ።

ራሳችሁ ልትሠሩ ወይም የተሠራ ልትጠቀሙ ካሰባችሁ፣ ገንዘብ ከመንካታችሁ በፊት በእኔ ቁጥሮች ፈትኑት። የዋዜማው ኮል 7.01፣ በተመሳሳይ ቁጥሮች የሚሰላው ፑት 6.68 መሆን አለባቸው። ካልሆኑ መጀመሪያ ሦስት ነገር እዩ። 60 በመቶን 0.60 ብላችኋል? 30 ቀንን በ365 አካፍላችኋል? ቴታው የቀን ነው ወይስ የዓመት? እኔ ሦስቱንም ተሳስቻለሁ።

አሁንም ካልገጠመላችሁ ያስገባችሁትን ቁጥር ላኩልኝ፤ አብረን እናየዋለን።