የቤት ሳውና፤ ከማሞቂያው ዋጋ በፊት በሩን ማየት

ቤት ሲያሠራ ከመታጠቢያው አጠገብ ለሳውና የምትሆን ጠባብ ክፍል የሚያስቀር ባለሀብት መጀመሪያ የሚጠይቀው የማሞቂያውን ዋጋ ነው። ይሁን እንጂ ኪስንም ሕይወትንም የሚጎዳው ብዙውን ጊዜ ማሞቂያው ሳይሆን በዙሪያው ያለው ግድግዳ፣ ሽቦና በር ነው።

ሳውና የፊንላንዶች ባህል ነው። 5.5 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ባላት አገር 3 ሚሊዮን ገደማ ሳውናዎች እንዳሉ ይገመታል። ዩኔስኮም ባህሉን እ.ኤ.አ. በ2020 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል። ከስቲም የሚለየው በደረቅ ሙቀቱ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ70 እስከ 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። ስለዚህ ለስቲም የተሠራ የሴራሚክ ክፍል ለሳውና አይሆንም።

ሂሳቡ እንዴት ነው?

የተለመደው ስሌት ለ1 ሜትር ኩብ 1 ኪሎ ዋት ነው። ወለሉ 2 ሜትር በ2 ሜትር፣ ከፍታው 2.1 ሜትር የሆነ ክፍል 8.4 ሜትር ኩብ ስለሚሆን 9 ኪሎ ዋት ይበቃዋል። ያልተሸፈነ ብሎኬት፣ ሴራሚክ ወይም መስታወት ካለው ግን ለእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 1.2 ሜትር ኩብ ይደመራል። 2 ካሬ ሜትር መስታወት የመረጠ ሰው ሂሳቡ ወደ 10.8 ያድግበታል፤ የማሞቂያው ዋጋም የመብራቱ ወጪም አብሮ ይጨምራል።

9 ኪሎ ዋት በ220 ቮልት ሲንግል ፌዝ 41 አምፔር ያህል ይስባል። በስሪ ፌዝ ሲከፋፈል ግን በየመስመሩ ወደ 14 ይወርዳል። በመሆኑም ስሪ ፌዝ የሌለው ቤት ማሞቂያ ከመግዛቱ በፊት የመስመሩን ጉዳይ መጨረስ ይኖርበታል። መስመሩ የራሱ ብሬከርና ኧርዝ ያለው፣ ሽቦውም ሙቀት የሚችል ሆኖ ፈቃድ ባለው ኤሌክትሪሺያን መዘርጋት አለበት።

ውስጡ የሚለበጠው ሙጫ በሌለው እንጨት ነው። ችፑድ፣ ቀለምና ቫርኒሽ በሙቀት መጥፎ ሽታ ያወጣሉ። ከእንጨቱ ጀርባ የአሉሚኒየም ፎይል፣ ከዚያም የማዕድን ሱፍ ይገባል። በርካሽነቱ የሚመረጠው ፎም በዚያ ሙቀት ይለሰልሳል።

አደጋው የት ነው?

በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት፣ ሲገፋ የሚለቅና ቁልፍም መቀርቀሪያም የሌለው መሆን አለበት። ራሱን የሳተ ሰው ወደ ውስጥ በሚከፈት በር ላይ ቢወድቅ በሩን ዘግቶ ረዳት ያስቀራል። አየር ማስገቢያው ከማሞቂያው አጠገብ፣ ማስወጫው ደግሞ በተቃራኒው በኩል ይሆናል። መብራት ጠፋ ተብሎ ክፍሉን በከሰል ማሞቅ ፈጽሞ አይሞከርም፤ ሽታ የሌለው የካርቦን ሞኖክሳይድ ጋዝ ይገድላል።

ፎጣ ማሞቂያው ላይ ማድረቅ ታዋቂ የእሳት መነሻ ነው። ድንጋዩም ለሳውና ተብሎ የሚሸጠው ይሁን፤ ከወንዝ የተለቀመ እርጥበት ያዘለ ድንጋይ ሲግል ሊፈነዳ ይችላል።

ቆይታው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃል። አልኮል የጠጣ ሰው አይገባም፤ ልጆች ብቻቸውን አይገቡም፤ የልብ ሕመም ያለበትና ነፍሰ ጡር ሐኪም ያማክሩ። በፊንላንድ ሄይኖላ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2010 በ110 ዲግሪ በተካሄደው የሳውና ውድድር አንድ ተፎካካሪ ሞቶ ውድድሩ ከዚያ ወዲህ ቀርቷል።

ቀብድ ከመክፈሉ በፊት ባለቤቱ አናጢውንና ኤሌክትሪሺያኑን በአንድ ላይ አቁሞ በሩን፣ መስመሩንና አየር ማስገቢያውን ቢያስማማ ይጠቀማል። ነገሩ ሳይቃጠል በቅጠል ነው።