እውነት ወይስ ተረት? «ሲሲፈስ የተስፋ መቁረጥ ምልክት ነው»

ድንጋይ እየገፋ ዳገት የሚወጣውን፣ ጫፍ ሊደርስ ሲል ድንጋዩ ተንከባሎ የሚያመልጠውን ግሪካዊ ሳይሰሙ አልቀሩም። ስሙ በግጥም ውስጥ ብቅ ሲል «ይሄ ደግሞ ተስፋ የቆረጠ ሰው ግጥም ነው» ብሎ ማለፍ የተለመደ ነው። «ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ» እያለ ያደገ ሰው ሲሲፈስን ከዚያው ምሳሌ ጎን ቢያስቀምጠው አይፈረድበትም። ነገር ግን ምሳሌው የሚፈርደው በሥራው ላይ ነው፤ ገጣሚዎቹ የሚያዩት ሠራተኛውን ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

«ምስኪን ነው፣ አማልክቱ በደሉት» ይባላል። ምስኪንስ አልነበረም። ኋላ ጳውሎስ መልእክት የላከላት የቆሮንቶስ ንጉሥ ነበር። ሆሜር በኢሊያድ ከሰው ሁሉ ብልጥ ይለዋል። በጥንቱ ትረካ መሠረት የአማልክቱን አለቃ የዜውስን ምስጢር አውጥቷል፤ ሊወስደው የመጣውን ሞትን ራሱን በሰንሰለት አስሯል። በመጨረሻ ሲሞትም ሚስቱን «እንዳትቀብሪኝ» ብሎ አስጠነቀቃት፤ ሙታን ዓለም ወርዶ «ሚስቴ ሳትቀብር ጣለችኝ፣ ሄጄ ልቅጣት» ብሎ ተፈቀደለትና ወጥቶ ቀረ። ድንጋዩ የመጣው ሕይወትን አለቅጥ በመውደዱ ነው። ታዲያ «ምስኪን» የሚለው ለምን ጸና? ቅጣቱ በየሥዕሉና በየመጽሐፉ ሲደጋገም፣ ጥፋቱ ግን በየደራሲው ተበታትኖ ስለቀረ ነው።

«ታሪኩ ከጥንት ጀምሮ ትምህርቱ አንድ ነው» የሚሉም አሉ። ሆሜር በኦዲሲ ስምንት ያህል ስንኞች ብቻ ሰጥቶት ያልፋል፦ ከሰውነቱ የሚንቆረቆር ላብ፣ ከራሱ በላይ የሚነሳ አቧራ፤ ትምህርት የሚባል ነገር አልጨመረም። ያንን ክፍት ቦታ የሞሉት ተከታዮቹ ናቸው። ሮማዊው ሉክሪሺየስ ሲሲፈስ ሹመት ሲለምን የሚኖር ፖለቲከኛ ነው አለ። ኦቪድ ደግሞ ኦርፊየስ ሚስቱን ለማስመለስ ሙታን ዓለም ወርዶ ሲያዜም፣ ሲሲፈስን ከነድካሙ ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብሎ እንዲያዳምጥ አደረገው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የስኮትላንዱ ገጣሚ ሮበርት ጋሪዮክ ጨዋታውን ገለበጠው፦ የእሱ ሲሲፈስ ጫፍ ላይ ደርሶ ምሳውን ይበላና፣ ደመወዙ እንዳይቋረጥ ድንጋዩን በገዛ እጁ ወደ ታች ይለቀዋል።

«ካሙ ሕይወት ትርጉም የላትም፣ ተዋት ብሏል» የሚለው ከሁሉም የበረታ ነው። ጸሐፊው አልቤር ካሙ በሲሲፈስ ስም የሰየመውን መጽሐፍ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1942፣ ፓሪስ በጀርመን ጦር ተይዛ ሳለች ነው፤ እሱም ከወጣትነቱ ጀምሮ የሳንባ ነቀርሳ ታማሚ ነበር። መጽሐፉ ራስን ስለ ማጥፋት በመጠየቅ ይጀምራል፤ መልሱም «አይሆንም» ነው። ካሙ ትርጉም ከላይ ተሠርቶ አልመጣልንም ይላል፤ ይህ ግን ለእሱ መነሻ እንጂ መደምደሚያ አይደለም። ጥያቄው ከፊት፣ መልሱ ከኋላ ስለሆነ፣ ጅምሩን ብቻ አንብቦ የዘጋ ሰው ጥያቄውን መልስ አድርጎ ይዞት ይሄዳል።

ከዚህ ተቃራኒውም አለ፦ «ዝም ብለህ ተሸከም፣ ፈገግ በል ነው መልእክቱ»። ይህኛው በተለይ ለአለቆች ይመቻል። የካሙ ሲሲፈስ ግን ታዛዥ አይደለም፤ የፈረዱበትን አማልክት ይንቃል። ካሙን በጣም የሚስበው መውጣቱ ሳይሆን መውረዱ ነው፤ እጁ ባዶ ሆኖ ወደ ሸለቆው ሲመለስ ዕጣውን አጥርቶ ያውቃል፣ አውቆም አይሰበርም። እዚህ ላይ ሥዕሎች አሳስተውናል። ማድሪድ በፕራዶ ሙዚየም ያለው የቲሺያን ሲሲፈስ ግዙፍ ድንጋይ ትከሻው ላይ ተጭኖታል፤ የምናስታውሰውም ይህን ነው። ሸክም ለሥዕል ያምራል፤ ባዶ እጁን የሚወርድን ሰው ሐሳብ ለማሳየት ግን ቃል ያስፈልጋል፤ ገጣሚ የሚገባውም እዚህ ጋ ነው።

ስለዚህ ቀጥሎ የሲሲፈስ ግጥም ሲገጥምዎ «አሳዛኝ ነው» ብለው ከመፍረድዎ በፊት ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ድንጋዩን የጫነው ማን ነው? ሰውዬውስ ስለ ጫኙ ምን ያስባል? ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ ያለው ግጥም የተስፋ መቁረጥ ግጥም አይደለም።