ዴኩን ከመቀባታችሁ በፊት ከስሩ ግቡ

የምርቃት ሰሞን እየመጣ ነው። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ሳሎኑ ስለማይበቃ ሰው ሁሉ ጓሮ ዴክ ላይ ይወጣል። አገር ቤት ላላችሁ፦ ዴክ ማለት ከቤቱ ጀርባ ጋር ተያይዞ ከመሬት ከፍ ብሎ የሚሠራ የጣውላ በረንዳ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው አክስቴ ቤቱን ስትገዛ ዴኩ አርጅቶ ነው ያገኘችው። ጣውላው ግራጫ ሆኗል፣ ምስማሩ ብቅ ብቅ ብሏል። አዲስ ማሠራት ደግሞ ብዙ ሺህ ዶላር ነው። አምና "አንድ ባልዲ ቀለም ግዙና ቀብታችሁ ገላግሉኝ" አለችን። የአጎቴ ልጅ ካቻቢቴ ይዞ ከስር ባይገባ ኖሮ ቀብተን እንጨርስ ነበር።

ዴኩን ከቤቱ ግድግዳ ጋር የሚይዘው ረጅም ጣውላ (ሌጀር ይሉታል) በምስማር ብቻ ነው የተመታው። አንድም ቡሎን የለውም! ዴክ ሲደረመስ ብዙ ጊዜ የሚለቀው እዚህ ጋ ነው። ምስማር ወደ ውጪ ሲጎተት ቀስ በቀስ ይነቀላል። ከጀርባው የሚገባው ዝናብ ደሞ እንጨቱን ያበሰብሳል፣ ምስማሩን ያዝጋል። ከላይ ስታዩት ምንም አይታወቅም። 30 ሰው ወጥቶ እስክስታ ሲመታ ነው የሚታወቀው።

ስለዚህ ገንዘባችሁ ትንሽ ከሆነ መጀመሪያ ከስር አውጡት። ሌጀሩን፣ የቋሚዎቹን እግርና ደረጃውን በካቻቢቴ ውጉ፤ ዳቦ እንደመውጋት ቶሎ ከገባ በስብሷል። ቡሎኑ ግማሽ ኢንች ውፍረት ያለው ጋልቫናይዝድ ይሁን፤ እንጨቱ የተነከረበት ኬሚካል ተራውን ብረት ቶሎ ይበላዋል። ደግሞ ግድግዳው ውስጥ ያለውን ዋናውን እንጨት መያዝ አለበት፤ የላዩን ልባስ ብቻ ከያዘ ዋጋ የለውም። የቡሎኖቹ ሂሳብ ከአንድ ትልቅ የስቴይን ባልዲ ያንሳል። ሌጀሩ ራሱ ከበሰበሰ ወይም ከጀርባው ጡብ ከሆነ ግን የዩቲዩብ ሥራ አይደለም፣ ባለሙያ ጥሩ። ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነም ካውንቲያችሁን ጠይቁ።

መደገፊያውንም ነቅንቁት። ዴኩ ከመሬት ከ30 ኢንች በላይ ከፍ ካለ 36 ኢንች ቁመት ያለው መደገፊያ ይጠየቃል፤ ክፍተቱም 4 ኢንች ኳስ የማያሳልፍ መሆን አለበት። ለልጆች ጭንቅላት ሲባል ነው።

የወለሉን ጣውላ ከመጣላችሁ በፊት ነቅላችሁ ገልብጡት። ፀሐይ የበላው ላዩን ነው፤ ሆዱ ብዙ ጊዜ ደህና ነው። እኛ ከግማሽ በላይ ያተረፍነው እንደዚህ ነው።

አንድ ከባድ ነገር፦ ዴኩ እ.ኤ.አ. ከ2004 በፊት የተሠራ ከሆነ እንጨቱ አርሰኒክ ያለበት ኬሚካል ውስጥ የተነከረ ሊሆን ይችላል። ሳትፈልጉ አትፈቅፍቁት፤ ከነካችሁት ማስክና ጓንት አድርጉ። ቁራጩን በምንም ተዓምር ለጥብስ እሳት እንዳታደርጉት! ጭሱም አመዱም መርዝ ነው።

ማጠቡ ቀላል ነው። ውሃ በኃይል የሚረጨው ማሽን ያረጀ እንጨት ይልጣል፤ የዴክ ማጠቢያና ብሩሽ ይበቃል። ከዚያ ቀለም ሳይሆን ስቴይን። ቀለም ላዩ ላይ ተቀምጦ ይላጣል፣ ስቴይን ግን ውስጥ ይገባል። መድረቁን ለማወቅ ውሃ ጠብ አድርጉበት፤ ከመጠጠው ዝግጁ ነው፣ ላዩ ላይ ከቆመ ገና ነው።

የኛ ስቴይን ለምርቃቱ አልደረሰም። ዴኩ ግራጫ እንደሆነ፣ 14 አዳዲስ ቡሎን ይዞ እንግዳ ተቀበለ። አክስቴ እስካሁን ስትደውል "ቀለሙስ?" ትላለች።