ዓሣ ነባሪ ለማየት የትኛው ወር ይሻላል?

ታክሲ የሚነዳ ወይም ሱቅ ያለው ሰው አንድ ቀን ሥራ ሲያቆም የሚያጣውን ገቢ ያውቀዋል። ስለዚህ ቤተሰብዎን ይዘው ዓሣ ነባሪ ለማየት ሲያስቡ ጥያቄው ሁለት ነው፤ ዓሣ ነባሪው መቼ ይመጣል? የእርስዎስ ገበያ መቼ ይቀዘቅዛል?

ብዙ ሰው የሚሄደው በጁላይና በኦገስት ነው። ዝናቡ ያባራል፣ ባሕሩም ጸጥ ይላል። ነገር ግን ከኤፕሪል እስከ ኦክቶበር የአላስካ መርከብ ተጓዦች በፒር 66 እና በፒር 91 የሚጎርፉበት ጊዜ ስለሆነ የበጋው ወራት ለእርስዎ የሥራ ወቅት ነው።

የእኛ ምክር ማርች ወይም የኤፕሪል መጀመሪያ ነው። ግራጫው ዓሣ ነባሪ በየዓመቱ ከሜክሲኮ ወደ አርክቲክ ባሕር ሲጓዝ ጥቂቶቹ ከማርች እስከ ሜይ ዊድቢ ደሴት አጠገብ ቆመው ከባሕሩ ወለል ጭቃ ውስጥ ሽሪምፕ ይለቅማሉ። የጀልባ ዋጋ ከከበደዎት መኪናዎን ይዘው ከመክልቲዮ በፌሪ ይሻገሩና በላንግሊ ከተማ ዳርቻ ሆነው ይጠብቁ። ዕድል ከቀናዎት ከመሬት ላይ ያዩታል።

በዚያ ወቅት ካልተመቸዎት ሌላም አማራጭ አለ። ሲል እያደነ የሚበላው ኦርካ ዓመቱን ሙሉ ይታያል። ሀምፕባክ የሚባለው ከሜይ እስከ ኦክቶበር ይበዛል። ሳልመን የሚበላው ኦርካ ደግሞ በኦክቶበርና በኖቬምበር ዓሣውን ተከትሎ እስከ ሲያትል ይወርዳል። ይህ ኦርካ በ2005 ሊጠፉ ከተቃረቡ እንስሳት መዝገብ የገባ ሲሆን፣ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ በዋሽንግተን ሕግ ጀልባ 1,000 ያርድ ሊርቀው ይገባል። እሱን ከአልካይ ዳርቻ በመነጽር መጠበቅ ይሻላል፤ ክፍያም የለውም።

አሁን ዋናውን ነገር ልብ ይበሉ። ትኬት ከመግዛትዎ በፊት ጀልባው ካናዳ ቪክቶሪያ ላይ ያወርድ እንደሆነ ይጠይቁ። የሚያወርድ ከሆነ ድንበር ተሻገሩ ማለት ነው። ዜጋ ከሆኑ የአሜሪካ ፓስፖርት፣ ግሪን ካርድ ካለዎት ካርዱንና ያልተቃጠለ የአገርዎን ፓስፖርት ይያዙ። የጥገኝነት ማመልከቻዎ ገና ካልተወሰነ ግን አይሂዱ። አድቫንስ ፓሮል ሳይኖርዎት ከአገር ከወጡ ማመልከቻዎን እንደተዉት ሊቆጠር ይችላል። ለአንድ ቀን ሽርሽር የዓመታት ድካም አይጣልም። ጉዞው አሜሪካ ውስጥ ብቻ የሆነውን ይምረጡ፤ ከተጠራጠሩም ጠበቃዎን ያማክሩ።

በመጨረሻም፣ በማርች ባሕሩ ላይ ይበርዳልና ወፍራም ጃኬት ይልበሱ። ወቅቱ ሁዳዴ ስለሆነ የጾም ምሳዎን ከቤት ይያዙ። ዓሣ ነባሪ ሳይታይ ከቀረ በነጻ ድጋሚ ይወስዱ እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ። የቤተሰብ ሽርሽር ነውና ወጪውን ከንግድዎ ታክስ ላይ አይቀንሱ።