የማን ማሳ ነው?

የደቡብ ጎንደር ገበሬ ጤፍን ከአባቶቹ እንደወረሰው በእጁ ይበትን ነበር። ከአሥር ዓመታት በፊት የግብርና ባለሙያዎች «በመስመር ዝሩ» የሚል ምክር ይዘው በየቀበሌው ዞሩ። በብተና ለአንድ ሄክታር ከ25 እስከ 50 ኪሎ የሚፈጀው ዘር፣ በመስመር ሲሆን ወደ 5 ኪሎ ሊወርድ ይችላል ተባለ። ወረቀት ላይ ያማረ ስሌት ነበር። ብዙ ቤተሰብ በሴፍቲኔት እየተደገፈ ክረምቱን በሚገፋበት በዚያው ዞን በእብናት ወረዳ ግን፣ ይህን ያህል ዘር መቀነስ በልጆች ጉሮሮ ላይ እንደ መቆመር ነው። ልማት ሠራተኛው አስተማረ፣ ገበሬው አንገቱን ነቀነቀ፤ ማሳው ሲደርስ ብዙው መልሶ በተነ።

ለምን?

ጥያቄው የእኛ ብቻ አልነበረም። ሪኪን ጋንዲ የተባለ ትውልደ ህንድ አሜሪካዊ ኢንጂነር ቀደም ብሎ ገጥሞት ነበር። ሰውየው ጠፈርተኛ ለመሆን ሲያልም ያደገ፣ የአውሮፕላን አብራሪነት ፈቃድ ያወጣ ነው። ወደ ህንድ የወሰደው የባዮዲዝል ሥራ ሳይሳካ ሲቀር፣ በባንጋሎር የማይክሮሶፍት የምርምር ማዕከል ገባ። እ.ኤ.አ. በ2006 ካሜራ ይዞ ወደ መንደሮች ወረደ። የገበሬዎች ሥልጠና በቪዲዮ ቢሰጥስ?

እሱና ባልደረቦቹ ልዩ ልዩ ዓይነት ፊልም ሞከሩ፤ የማሳያ ቦታና ሰዓትም ቀያየሩ። ቪዲዮ ብቻውን እንደማይበቃ ቶሎ ገባቸው። አዲስነቱ ሲያልቅ ተመልካቹም ይበተናል።

ፍንጩን የሰጧቸው ተመልካቾቹ ራሳቸው ናቸው። ገበሬዎቹ በመጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ አዘራሩ አልነበረም፤ ፊልሙ ላይ የሚታየው ገበሬ ስሙ ማን እንደሆነና የየትኛው መንደር ሰው እንደሆነ ነበር። ነገሩ የተገለጠው እዚህ ላይ ነው። አዋቂ ሰው ትምህርቱን ከመመዘኑ በፊት አስተማሪውን ይመዝናል፤ መሬቱ እንደኔ ነው? በሬው ስንት ነው? ቢከስር የሚከስረው ማን ነው?

ከዚያ በኋላ ተዋናዩ የአካባቢው ገበሬ ሆነ። ከማሳያው አጠገብም አንድ የመንደሩ ሰው ተቀመጠ፤ ፊልሙን እያቆመ ይጠይቃል፣ ያከራክራል፣ ማን ምን እንደሞከረ ይከታተላል። በ16 መንደሮች፣ በ1,470 ቤተሰቦች መካከል በተደረገው ሙከራ፣ አንዳንድ አሠራሮችን የተቀበሉት ገበሬዎች በተለመደው የሰው ለሰው ሥልጠና ከተቀበሉት ከስድስት እስከ ሰባት እጥፍ ሆኑ።

ዘዴው «ዲጂታል ግሪን» በሚል ድርጅት ስም ኢትዮጵያ ገባ። መዳፍ የምታክል፣ በባትሪ የምትሠራ ፕሮጀክተር መብራት ባልገባበት ቀበሌ ግድግዳ ላይ ብርሃን ፈነጠቀች። ግን በህንድ የሠራው በእኛ አገር ይሠራል?

እ.ኤ.አ. በ2017 ተመራማሪዎች በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ በሚገኙ 347 ቀበሌዎች ጤፍ፣ ስንዴና በቆሎ ላይ ፈተኑት። ከፊሉ ቀበሌ በተለመደው መንገድ ሠለጠነ፤ ሌላው ቪዲዮ አየ። ቪዲዮው በገባበት ትምህርቱ ለብዙ ገበሬ ደረሰ፣ የተሻለም ተረዱት፣ ከፍ ባለ ቁጥርም ማሳቸው ላይ ሞከሩት። አንድ ግምት ግን አልያዘም። ባልና ሚስት አብረው ሲያዩ ተቀባይነቱ ይበልጥ ይጨምራል ተብሎ ነበር፤ ለዚህ ግልጽ ማስረጃ አልተገኘም። የቤት ውስጥ ውሳኔ በአንድ ፊልም የሚፈታ እንዳልሆነ እገምታለሁ።

ዛሬ የአዋቂዎች ሥልጠና ወደ ኢንተርኔት እየሄደ ነው፤ አዘጋጆቹም አዲስ አበባ ስቱዲዮ ውስጥ፣ ክራባት ባሰረ ተናጋሪ ፊት ካሜራ ይተክላሉ። ለእብናት ገበሬ የምታዘጋጁ ከሆነ፣ እባካችሁ ካሜራውን እብናት ማሳ ላይ ትከሉት፤ ቪዲዮውን እያቆመ ለሚጠይቀው ሰውም በጀት ያዙለት።