ምዕራፍ ስድስት፦ ስለ አሮጌ ሌንስና ስለ ባዶው ቀለበት

ሄሊዮስ 44-2 የተባለውን የሶቪየት ሌንስ ከወላጆቹ ሣጥን ያገኘ፣ ወይም ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ተከራክሮ የገዛ ሰው፣ ክብደቱን በእጁ መዝኖ፣ ቀለበቶቹን አዙሮ፣ ወደ ብርሃንም አንሥቶ በብርጭቆዎቹ መካከል የሸረሪት ድር የመሰለ ሻጋታ አለመኖሩን ካረጋገጠ በኋላ፣ ይህ ለፊልም ዘመን የተሠራ ዕቃ ፊልም ከማያውቅ ዲጂታል ካሜራ ጋር ይስማማ ዘንድ ይቻለው እንደ ሆነ መጠየቁ አይቀርም። ይቻለዋል፤ የመቻሉም ምሥጢር ከብርጭቆው በስተኋላ ባለው ባዶ ስፍራ ተሰውሯል።

ከሩቅ ተራራ የሚመጣ ብርሃን በሌንስ አልፎ ጥርት ያለ ሥዕል የሚሆነው በተወሰነ ርቀት ላይ ሲሰበሰብ ብቻ ስለ ሆነ፣ ካሜራ ሠሪዎች ሁሉ ከሌንሱ መቀመጫ እስከ ፊልሙ ገጽ ያለውን ርቀት አስቀድመው ይወስናሉ። የያሬድ ዜማ አንድ ሲሆን ሊቃውንቱ ቤተ ልሔም፣ ቆማ፣ አጫብር እያሉ ቤት እንደ ለዩ፣ የብርሃንም ሕግ አንድ ሲሆን ካሜራ ሠሪዎቹ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን መጠን ያዙ። ሄሊዮስ የሚታሰርበት፣ ኤም 42 የሚባለው ባለ 42 ሚሊ ሜትር ብሎን ርቀቱ 45.46 ሚሊ ሜትር ነው፤ የኒኮን ኤፍ 46.5፣ የላይካ ኤም ደግሞ 27.8 ነው። የፊተኞቹ ሁለቱ ርቀት የበዛው፣ በሌንሱና በፊልሙ መካከል ብድግ እያለ የሚመለስ መስተዋት ስላለባቸውና ለእርሱ መመላለሻ መተው ግድ ስለ ሆነ ነው፤ ላይካ ኤም ይህ መስተዋት የለበትም።

እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ መስተዋቱን ያስወገዱ ዲጂታል ካሜራዎች ለገበያ ሲቀርቡ ግን ርቀቱ አጠረ፤ ሶኒ ኢ በሚባለው መግጠሚያ 18 ሚሊ ሜትር ብቻ ሆነ። ከ45.46 ላይ 18 ቢቀነስ 27.46 ይተርፋል፤ እንግዲህ አዳፕተር የምንለው ቀለበት፣ ይህን ትርፍ ይሞላ ዘንድ የተሠራ፣ በውስጡ አንዳች ብርጭቆ የሌለበት የተለካ ባዶነት ነው። (ለዚህ ባዶ ቱቦ የሌንሱን ያህል ዋጋ የሚጠይቅ ነጋዴ ቢያጋጥም፣ በጨዋ ደንብ ተሰናብቶ መሄድ ይገባል።) መጠኑ በሚተርፍበት እንዲህ ቀላል የሆነው ነገር በሚጎድልበት ይከብዳል፤ ሄሊዮስን መስተዋት ባለው የኒኮን ካሜራ ላይ የሚገጥም ሰው ሌንሱ በ1.04 ሚሊ ሜትርና በቀለበቱ ውፍረት ያህል ወደ ፊት ስለሚርቅበት፣ በአጠገቡ ያለው አበባ ሲጠራለት ተራራው ጉም እንደ ለበሰ ይቀርበታል። ለዚህ መድኃኒት ብለው በቀለበቱ ውስጥ ትንሽ ብርጭቆ የሚጨምሩ አሉ፤ ርካሹ ብርጭቆ ግን የሥዕሉን ጥራት ስለሚያበላሽ እኔ አልመክረውም።

ከተገጠመ በኋላ ካሜራው ከሌንሱ ምንም የኤሌክትሪክ ምልክት ስለማይደርሰው፣ ዓይኑ የታወረ መስሎት ፎቶግራፍ አላነሣም ይላል፤ ስለዚህ ያለ ሌንስ እንዲያነሣ የሚፈቅደውን ትእዛዝ በምርጫዎቹ ዝርዝር ውስጥ ፈልጎ መክፈት ያስፈልጋል። ከዚህ ወዲያ ሥራው የእጅ ነው። ሄሊዮስ የብርሃን ቀዳዳውን የሚያዝዙ ሁለት ቀለበቶች አሉት፤ በአንዱ መጠኑ ይመረጣል፣ በሁለተኛው ደግሞ ቀዳዳው ይከፈታል፣ እስከ ተመረጠውም መጠን ይዘጋል። አንሺው በሰፊው ከፍቶ፣ በካሜራው መመልከቻ የሰውየውን ዓይን አጉልቶ፣ ሽፋሽፍቱ አንድ በአንድ እስኪለይ ድረስ የርቀቱን ቀለበት ቀስ ብሎ ካዞረ በኋላ ቀዳዳውን ይዘጋል፤ በዚህ መካከል ተነሺው አንድ ስንዝር ቢጠጋ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው።

ብዙዎች ግን ይህን ሌንስ የሚሹት ቀዳዳው ሳይዘጋ፣ ከሰውየው በስተኋላ ያሉት የዛፍ ቅጠሎች እንደ አዙሪት ሲዞሩ ለማየት ነው። ይህ ጠባይ ከጀርመኑ ካርል ዛይስ ቢዮታር የወረሰው ሲሆን፣ በሥዕሉ ዳርቻ ያለው ብርሃን በሌንሱ ጠርዝ እየተቆረጠ የድመት ዓይን ቅርጽ ስለሚይዝ የሚመጣ ጉድለት ነው። የቀደሙት ሠሪዎች ሊያስወግዱት የደከሙበትን ዛሬ ሰዎች ገንዘብ ከፍለው ይፈልጉታል፤ እኔም አልጠላሁትም፣ በዐሥረኛው ፎቶግራፍ ላይ ግን ራሴን ያዞረኛል።